መንገድ የሄደው ቱቦ

ቤር ሼቫ፣ 15.1.2023

ለአክስቴ ልጅ፣ ለእህቴ ለእታገኝ፣

እንዴት ከርመሻል? ባዝል የሚሉት አገር ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል። የላክሽው ሹራብ ደርሶኛል። ለዚህ ከተማ ይከብዳል፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ክፍል ስገባ ግን እለብሰዋለሁ። ተማሪዎቹ "ታየ ስዊዘርላንድ ሄደ" እያሉ ይቀልዱብኛል።

ሰው ሁሉ በዋትሳፕ "ሰላም ነው?" ብሎ በሚያልፍበት ዘመን እኛ ፖስታ ቤት መመላለሳችን ሺርን ያስቃታል። ሺር አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣች ተማሪ ናት። እናቷ የጎንደር ልጅ ስለሆነች አማርኛ ትሰማለች፤ መልሱን ግን በዕብራይስጥ ነው የምትወረውረው። እንዲህ አልኳት፦ "እታገኝ በዘጠና አንድ በአውሮፕላን ስትመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። እኔ ጎንደር ቀረሁ፤ ተራዬ እስኪደርስ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጠበቅሁ። ያን ሁሉ ዘመን ያገናኘን ወረቀት ነው። ኬሚስትሪ ያስተማርኳትም በወረቀት ነው።" አላመነችኝም። ጠርሙስ ሳጥብ ነው የምታየኝ፤ እንዴት ታምነኝ።

ስለ ማቀዝቀዣው ጠይቀሻል። አዎ፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ የሚባለው የኛ ሰፈር ሽማግሎች ደም ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው፣ የሠላሳ ሁለቱም። የኔ ሁለቱ ቱቦዎችም ከጎናቸው አሉ፤ ቤት የቀረውና መንገድ የሄደው። ሺር "ያንተ ደም እዚህ ምን ይሠራል?" አለችኝና ሙሉ ትምህርት ሰጠኋት። የምንፈልገው በማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም በሕዋስ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ምን ያህል እንደዛገ ማወቅ ነው። ዝገቱ ላይ ብቻ የሚጣበቅ ቢጫ መድኃኒት እንጨምራለን፤ ፕሮቲኑን በጄል እናስኬደዋለን፤ መጨረሻ ላይ የዛገው ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ነገር ግን ደም ከሰው ከወጣ በኋላም ሙቀት ካገኘው ይዝጋል፤ የተላጠ ድንች ሳህን ላይ እንደሚጠቁር ማለት ነው። ጥቁር መስመር ያየን እንደሆነ፣ ዝገቱ የሰውዬው ነው ወይስ የመንገዱ? ይህን ለመለየት ነው በነሐሴ ደሙን በቀዳንበት ጠዋት የራሴን ደም በሁለት ቱቦ ያስቀዳሁት። አንዱ እዚሁ በረዶ ላይ ቀረ፤ ሁለተኛው ከሽማግሎቹ ቱቦዎች ጋር በሳጥን ዞሮ መጣ።

ውጤቱን ታውቂዋለሽ። ቤት የቀረው ገርጥቶ ወጣ፤ መንገድ የሄደው እንደ ሽማግሎቹ ጠቆረ። ያው አንድ ሰው ነኝ እኮ። ከነምክንያቱ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ በአማርኛ ጻፍኩልሽ፣ አንቺ በዕብራይስጥ እንድትገለብጪው። አለቃችን ፕሮፌሰር ኦዴድ ምን አለ? ደሙን እንደገና እንቀዳ ካለ ለአባባ ሣህሌ ቀደም ብዬ ልንገራቸው። ሰዎቹን ለምነው ያመጡልን እሳቸው ናቸው፤ ሁለተኛ ለመለመን ጊዜ ይፈልጋሉ።

ወንድምሽ ታየ


ባዝል፣ 2.2.2023

ለጋሼ ታየ፣

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ እንደ ልጅነቴ ነው የሚያደርገኝ፤ ሳልከፍተው አንድ ቀን አሳድረዋለሁ። በመዘግየቴ ይቅርታ። እዚህ በረዶ ነው፤ ሰዉ ሁሉ አንገቱን ቀብሮ ይሄዳል፤ አንድ ሰው "እንዴት አደርሽ" ብሎ ቆሞ አያውቅም። የምሠራበት መሣሪያ ግን ያስደንቃል። እኛ በጥቁር መስመር የምንገምተውን እሱ የትኛው ፕሮቲን፣ የት ቦታ ላይ እንደዛገ ለይቶ ይናገራል። አንተ ብታየው ከፊቱ አትነሣም ነበር።

ጉልበትህን ክሊኒክ፣ ኩፓት ሆሊም ሄደህ አሳይ። ለሺር ሰላም በልልኝ። የኔን ደብዳቤ ግን እንዳታነብላት፤ የኔ አማርኛ ያሳፍራል።

ፕሮፌሰር ኦዴድ ሥራ ይበዛበታል፤ ሰሞኑን አላገኘሁትም። ስለ ሁለቱ ቱቦዎች ብዙ አትጨነቅ። የአንድ ሰው ደም ነው፤ በአንድ ሰው ደም ምንም አይባልም። ለአባባ ሣህሌ አሁን ምንም አትንገራቸው፤ ሽማግሌ በከንቱ አይታወክ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ሦስተኛው መደርደሪያ ለአዲሶቹ ተማሪዎች ያስፈልጋል። ከጨረስነው ሥራ የቀረውን አስወግደው። ያንተን ሁለቱንም።

እታገኝ


ቤር ሼቫ፣ 19.3.2023

እታገኝ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አስቀምጬዋለሁ።

ማክሰኞ ዕለት አውቶቡስ እየጠበቅሁ አንዲት ሴትዮ በአጠገቤ ሬዲዮ ከፍታ ነበር፣ የአማርኛውን። "በቤር ሼቫ የተደረገ ጥናት፣ ከኢትዮጵያ የመጡ አዛውንቶች ሰውነት ከውስጥ ፈጥኖ እንደሚዝግ አረጋገጠ" አለ። ሴትዮዋ ወደኔ ዞራ "ሰማህ? ዝገናል" አለችኝ። እኔም እንደ ጅል "ሌላ ጥናት ይሆናል" አልኳት።

ሺርን ጽሑፉን ፈልገሽ አንብቢልኝ አልኳት። ስምሽ ከፊት ነው። የኛ ሠላሳ ሁለት ሽማግሎች ከራሞት፣ ከፈረንጆቹ ሰፈር ሽማግሎች ጋር ተነጻጽረዋል፤ የራሞቶቹ ገርጣ፣ የኛ ጥቁር። የራሞቶቹ ደም በአሥር ደቂቃ በረዶ ላይ ደርሷል፤ ማንም አልመረቃቸውም፣ ማንም ምግብ አላቀረበላቸውም። ይህን ጽሑፉ አይልም። ስለ ሁለቱ ቱቦዎችም አንድ ቃል የለም። ከዚያ ሺር ደብተሩን አወጣችና አንቺ ከኔ አማርኛ የገለበጥሽውን አነበበችልኝ። አንድ ገጽ ሙሉ የጻፍኩት አንድ መስመር ሆኗል፦ "ናሙናዎቹ በበረዶ ተጓጉዘዋል።"

የትኛው በረዶ ነው እታገኝ? በነሐሴ ፀሐይ መኪናሽ ኋላ ውስጥ ውኃ የሆነው? ሳጥኑን ጭነን፣ ሞተሩን አስነሥተሽ፣ "ተመለሱ፣ ሳንመርቃችሁ አትሄዱም" ብለው ከሽማግሎቹ መሰብሰቢያ፣ ከሞዓዶኑ በር የጠሩን ቀን አንቺም ነበርሽ። አባባ ሣህሌ ሠላሳ ሁለቱን ሰው በስም፣ ከነአባቱ፣ ከነመጣበት አገር ሲጠሩ አንቺም ከጎኔ መዳፍሽን ዘርግተሽ አሜን ትዪ ነበር። ከምርቃቱ በኋላ ምግቡ መጣ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆየን። ሳጥኑን ስንከፍተው ቱቦዎቹ ይንሳፈፉ ነበር፤ አንቺ ነሽ "ጉድ ፈላ" ያልሽው።

አባባ ሣህሌ ሬዲዮውን ከሰሙ ወዲህ ሞዓዶን አይመጡም። ቤታቸው ሄድኩ። መጋረጃ ዘግተው ተቀምጠዋል። ሰዎቹን ሲለምኑ ምን ብለው እንደነበር ታስታውሺያለሽ፦ "በፊት ለሆስፒታል የለገስነውን ደም በሽታ አለበት ብለው ደፍተውታል፤ ይቺ ግን የኛ ልጅ ናት፤ አትደፋውም።" አሁን ያው ሰዎች "ጎትተህ ወስደህ ስም አወጣህልን" ይሏቸዋል። ሽማግሌው እጃቸውን ገልብጠው ገልብጠው እያዩ "ታየ፣ ዝገቱ ከውጭ ይታያል እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ።

በአሥራ አራት ዓመትሽ ባቄላ በጨው ውኃ አበቀልኩና ሞተብኝ ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔም "ያለ ጨው ያበቀልሽው የታለ?" ብዬ መለስኩልሽ። ያን ጊዜ አላወቅሽም ነበር፤ ልጅ ነበርሽ። አሁን ግን ያለ ጨው የበቀለውን በእጅሽ ይዘሽ ነው የደበቅሽው። አቃጥለሽኛል እታገኝ።

ታየ


ባዝል፣ 1.4.2023

ጋሼ ታየ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የምትፈልገውን ልበል፤ አዎ፣ አውቅ ነበር። ይኸው።

አሁን ደግሞ አንተ ስማኝ። ያን ቀን ሳጥኑ አሳስቦኝ ሁለት ጊዜ ልነሣ ስል ቀሚሴን ይዘህ ያስቀመጥከኝ አንተ ነህ። "ሽማግሌ እየመረቀ አይነሣም" አልከኝ በጆሮዬ። እኔ እዚህ አገር ነው ያደግሁት፤ ተነሥቼ እሄድ ነበር፤ "እነዚህ ልጆች" ብለው ይቅር ይሉኝ ነበር። ያንተን ይሉኝታ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ነገሩ ከወጣ "ናሙናውን ያበላሸው ማነው?" ይላሉ። ሳጥኑን ፈርመህ የተረከብከው አንተ ነህ። ከጠርሙስ እጥበት ያወጣሁህ እኔ ነኝ፤ ወደዚያ የሚመልሱህ እነሱ ናቸው።

ለሌሎቹ አንድ ሥራ ቢበላሽባቸው "ሙከራ ነው፣ ያጋጥማል" ይባላል። እኔ ላይ ሲሆን "አላልንም?" ነው የሚባለው። እዚህ ያለሁት በዚያ ጽሑፍ ነው። በመስከረም ስመለስ ሥራ የሚጠብቀኝ በዚያ ጽሑፍ ነው። ስጽፈው ለራሴ "በሚቀጥለው አስተካክለዋለሁ" እል ነበር። ሬዲዮ ላይ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። አዛውንቶች ይሰሙታል ብዬ አላሰብኩም።

ደግሞ ምን ታሳያቸዋለህ? ደብተሩ ላይ ያለው ያንተ ገጽ በአማርኛ ነው። የሚያነበው የለም። ቱቦዎቹንም ጥለሃቸዋል።

ጥለሃቸዋል አይደል?

እታገኝ


ቤር ሼቫ፣ 7.5.2023

ለዶክተር እታገኝ፣

አልጣልኳቸውም። የየካቲቱ ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ልጥላቸው ተነሥቼ ነበር፤ አንቺ ያልሽውን አላደርግም ብዬ አላውቅም። ከዚያ "ያንተን ሁለቱንም" የሚለው ቃል ከነከነኝ። የሠላሳ ሁለቱ ሳይሆን የኔ ለምን ተለይቶ? ወደ ታች መደርደሪያ አውርጄ ከሹራብሽ ካርቶን ቆርጬ ጋረድኳቸው።

የጻፍሽው እውነት ነው፣ ቀሚስሽን ይዣለሁ። አልክድም። ሌሊት ስተኛም ስነሣም እሱን አስባለሁ። ግን እኔ ጥፋቴን በዚያው ቀን ጻፍኩት፤ "በኔ ምክንያት ዘገየ" የሚል ቃል አለበት። አንቺ የኔን ጥፋት ደብቀሽልኝ አይደለም፤ የሽማግሎቹ አድርገሽ ነው ያሳተምሽው።

አማርኛ የሚያነብ የለም ላልሽው፣ የሺርን እናት ረስተሻል። ገጹን እሷ ጮክ ብላ አነበበች፣ ሺር በዕብራይስጥ ጻፈች፣ ሦስታችንም ሆነን ለፕሮፌሰር ኦዴድ ወሰድነው። ሁለቱን ቱቦዎች እፊቱ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ "ይህን በነሐሴ ለምን አልነገርከኝም?" አለኝ። "ነግሬህ ነበር፣ በእታገኝ በኩል" አልኩት። እንደገና ለመቅዳት ፈቃዱን በሦስት ሳምንት ውስጥ አወጣልን።

አስቸጋሪው አባባ ሣህሌ ዘንድ መሄዱ ነበር። ደሙን ያበላሸው ምርቃታችሁ ነው ብሎ ለሽማግሌ እንዴት ይነገራል? ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁና ጫማቸውን እያየሁ ተናገርኩ። በረዶው መቅለጡን፣ እኔ መነሣት ማፈሬን፣ የኔም ደም እንደሳቸው መጥቆሩን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም መሰለኝ። ቆይተው "እንግዲያ እኛ አልዛግንም?" አሉ። "አልዛጋችሁም" አልኳቸው። "ምርቃቴ ነው እንጂ የረዘመው?" አሉ። እኔ ላይ ትንሽ ሳቁብኝ። ወዲያው ደግሞ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ሁለቱንም በአንድ ፊት አየሁ።

ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው "እኔ ያበላሸሁትን እኔው እሠራዋለሁ። ነርሷን ጥሯት" አሉኝ።

መጋረጃውን ከፍተው ስልክ መደወል ጀመሩ። ማን እሺ እንደሚል አላውቅም።

ታየ


ባዝል፣ 21.5.2023

ጋሼ ታየ፣

ኦዴድ ጽፎልኛል። ጽሑፉ ከመጽሔቱ እንዲነሣ ፈርሜያለሁ። የመስከረሙ ሥራ እንደማይኖር በጨዋ አነጋገር ነግሮኛል። ጥሩ ሰው ነው፤ አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽብኝ ይሻል ነበር።

ስለ ቀሚሴ የጻፍኩልህን እንዳልጻፍኩት ቁጠርልኝ። ፈርቼ ነው።

ሰዎቹ መጡ? ስንት? እባክህ ውጤቱን ደብቀህ አታቆየኝ። የሚያመኝ ቢሆንም ንገረኝ።

ለአባባ ሣህሌ ልደውል ስልኩን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አውቅ እንደነበር ነግረሃቸዋል? እሳቸው ናቸው እናቴን ያስቀበሩት። ከዚያ ወዲህ በምርቃታቸው ከእናቴ ስም ቀጥሎ የኔን ሳይጠሩ አያውቁም። እዚህ ስሜን አስተካክሎ የሚጠራው ሰው እንኳ የለም። ምን እንዳልካቸው ብቻ ጻፍልኝ።

እታገኝ


ቤር ሼቫ፣ 11.6.2023

እታገኝ፣

አሥራ ዘጠኝ መጡ። አሥራ ሦስቱ "ሁለተኛ አንታለልም" ብለው ቀሩ፤ አልፈረድኩባቸውም። በዚህኛው ቀን ሁለት ሳጥን በረዶ ይዘን ሄድን፣ ሺርም መኪናዋን ጥላ ሥር አቆመች። እኔም እንደ ድሮው በሁለት ቱቦ ተቀዳሁ። ነርሷ የመጨረሻውን ቱቦ ስትዘጋ አባባ ሣህሌ ተነሡ። ሰዉ ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። እኔም እጄ በራሱ ተዘረጋ።

"አይ፣ አንተ ሂድ" አሉኝ። "በረዶህን ይዘህ ሂድ። ምርቃቱን በስልክ እልክልሃለሁ።" አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ እያለ ጀርባዬን ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ሺር እጄን ጎትታ አወጣችኝ።

ውጤቱን አልደብቅሽም። ቤት የቀረውም መንገድ የሄደውም አንድ ዓይነት ገርጥተው ወጡ። የአሥራ ዘጠኙም እንደነሱ፣ እንደ ራሞቶቹ ነው። አባባ ሣህሌ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ መስመራቸው ከኔም የገረጣ ነው። ወረቀቱን ቤታቸው ወስጄ አሳየኋቸው፤ ግድግዳ ላይ ልስቀለው ብለው ሚስማር ይፈልጋሉ። ሬዲዮውም ማስተካከያ አነበበ፣ አጭር ነበር፣ ብዙ ሰው አልሰማውም። እኔን ማንም ወደ ጠርሙስ አልመለሰኝም። እንደ በፊቱ ግማሽ ቀን አጥባለሁ፣ ግማሽ ቀን ከሺር ጋር እሠራለሁ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ያኔ ስለ በረዶው ልነግራቸው እቤታቸው የሄድኩ ዕለት፣ ልወጣ ስል፣ "ልጅቱ ታውቅ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ። "አታውቅም" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እመኚኝ፣ ልዋሽልሽ ነበር። ግን ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ነካካሁ። እሳቸውም "በቃ፣ ተወው" አሉ። ሌላ አልጠየቁኝም።

ደሙን እንደገና የቀዳን ዕለት፣ ቤተ ሙከራው ደርሰን ቱቦዎቹን በረዶ ላይ ስንደረድር ስልኬ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እጄ ጓንት ውስጥ ስለሆነ መዘርጋት አልቻልኩም፤ ቱቦ እየያዝኩ አሜን እል ጀመር። አሥራ ዘጠኙን ጠሩ፣ የቀሩትን አሥራ ሦስቱንም ጠሩ። ሺርን ከነእናቷ መረቁ። ኦዴድን "ያንን ፈረንጅ" ብለው መረቁ። ነርሷን ስሟን ስለማያውቁ "ያቺን እጇ የማያሳምመውን" አሉ። ከዚያ እናትሽን ጠሩ፣ ነፍሷን ይማር አሉ፣ ከሞዓዶኑ ሰው ሁሉ አሜን ሲል በስልኩ ተሰማ።

ቀጥሎ አንቺ ነሽ። ቱቦውን እንደያዝኩ ቆምኩና ጠበቅሁ። አባባ ሣህሌ ትንፋሽ ወሰዱ፤ ወሰዱና ወደ ሌላ ሰው አለፉ።

ሺር "ለምን ቆምክ?" አለችኝ በዕብራይስጥ። በረዶው መቅለጥ ስለጀመረ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ታየ